የማይቀነሰው ድምፅ

ጆሮ ሁሉም ሰው አለው፤ መስማት የሚችል ግን በአሰላ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙን ለትሕትና ስል አልጠቅስም። ይህንን ጽሑፍ የጻፈው እሱ መሆኑን ካወቃችሁ ይበቃል።

ሌሎቻችሁ ጆሯችሁን የምትጠቀሙበት ለመነጽር ማንጠልጠያ ነው። አትቆጡ! ጥፋቱ የእናንተ ሳይሆን ያስተማራችሁ ሰው ነው። እኔን ግን ማንም አላስተማረኝም። ራዲዮ እየፈታሁ፣ ራዲዮ እየገጠምኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ገጥሜ ስጨርስ ጠረጴዛው ላይ የሚተርፉት ብሎኖች... እነሱ የፋብሪካው ስህተት ናቸው።

የዕውቀቴ ዘውድ ሚኒዲስክ ማጫወቻዬ ናት። በመዳፍ የምትያዝ፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የሚሰፋ ዲስክ የምትውጥ ዕቃ። እዚህ ይሠራ የነበረ ጃፓናዊ የእርሻ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰጥቶኝ ሄደ። መስኮቷ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ጃፓንኛ ነው፤ መመሪያዋም እንዲሁ። በአማርኛ ቢጻፍም አላነበውም ነበር። መመሪያ የሚያነብ በራሱ የማይተማመን ሰው ነው።

ምሥጢሯ ላይን አውት ይባላል። ጠጋ በሉ፣ ላስረዳችሁ። ተራው ሰው ሙዚቃ የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ መውጫ ነው፤ እዚያ ድምፁ በመጨመሪያና በመቀነሻው ቁልፍ ሲታሽ ቆይቶ፣ ደክሞት ይወጣል። በላይን አውት ግን ሙዚቃው ማንም ሳይነካው፣ እንደተወለደ ይወጣል። ስለዚህ ላይን አውት ላይ ቁልፉ ሥራ ፈት ነው። ብትጫኑት፣ ብትለምኑት አይጨምርም፣ አይቀንስም! የእኔዋ ቀዳዳ አንድ ነው፤ ለሁለቱም ያገለግላል። የትኛው እንዲሆን የሚመረጠው ከውስጥ ነው። እኔም በመጀመሪያው ቀን ላይን አውትን መርጬ ነገሩን ዘጋሁት።

ቤት ውስጥ ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቼ ሳጫውታት ግን ባለቤቴ አስካለ ይህ ጥበብ አይገባትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀንሰው!»

«አስካለ፣ ላይን አውት ነው። አይቀነስም።»

«እንግዲያው አጥፋው!»

«ጥበብ አይጠፋም።»

ስንት ዓመት እንዲህ ተባባልን! እሷ ጆሮዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ እኔ ስለ አላዋቂነቷ አዝናለሁ።

ደግነቱ አገር ያውቀኛል። ከሁሩታ እስከ ጎበሳ በተተከለ የሠርግ ድንኳን ሁሉ ከሞንታርቦው ጎን ያለችው የዘፈን አጫዋች ወንበር የእኔ ናት። ሙሽሮች ይለዋወጣሉ፤ ወንበሯ ላይ ያለው ሰው ግን አይለወጥም። ማለቴ... መምህር ዳዊት እስኪመጣ ድረስ አልተለወጠም።

መምህር ዳዊት ከደሴ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ሳሙና የምታህል ጥቁር ሣጥን አለችው፤ የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር ይላታል። ስልኩን ይሰካባታል፤ እሷ ድምፁን ታጎላለታለች። አያችሁልኝ? ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምሮ ሙዚቃ የሚያዳምጠው በስልክ ነው!

ጎረቤቴ ኦቦ ገመዳ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ሲሉ ቤቴ መጡ።

«በቀለ፣ ለሠርጉ የመምህሩም ሣጥን ጥሩ ናት ይሉኛል...»

ወንበሬ ከሥሬ ስትነቃነቅ ተሰማኝ። «ይምጣና ይወዳደረኛ!» አልኩ። «እርስዎ ይስሙና ይፍረዱ። ያሸነፈ ወንበሯ ላይ ይቀመጥ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግቢያቸው ተሰበሰብን። በአንድ ወገን ሴቶቹ የሠርጉን ሽንኩርት ይልጣሉ፤ አስካለም አብራቸው ናት። ለተሰበሰበው ሕዝብ ስለ ላይን አውት በቂ ገለጻ አደረግሁ። ቁልፉ ሥራ ፈት መሆኑን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። መምህሩ እጁን አጣምሮ «ልክ ነዎት ጋሼ» ይለኛል። የሚያበሳጨኝ ደግሞ ይህ ትሕትናው ነው!

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። ኦቦ ገመዳ ዕድሜ ልካቸውን ሽማግሌ ሆነው ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። በሕይወታቸው ለአንድም ሰው «ተሸነፍክ» ብለው አያውቁም። ሁለቱን የጆሮ ማዳመጫዎች ሲያዩ ግራ ገባቸው።

«ማሊ ኩን? ምንድን ነው ይሄ? አንዱን አስቀድሜ ብሰማ አዳላሁ ማለት ነው። አይሆንም!»

ብለው የእኔን በቀኝ ጆሯቸው፣ የመምህሩን በግራ ጆሯቸው አደረጉት።

«እህስ ኦቦ ገመዳ?»

«ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ።»

«የማን ይበልጣል?»

«ይሄም ጆሮ የእኔ ነው፣ ያም የእኔ ነው። ላጣላቸው ነው እንዴ?»

ልከራከር አፌን ስከፍት ዘፈኑ ከበሮው ላይ ደረሰ። ኦቦ ገመዳ ከበርጩማው ተነሡ።

«ዋቃዮ! ቀኝ ጆሮዬ! በቀለ፣ ቀንስልኝ!»

ደነገጥኩ። እጄ ያለ ፈቃዴ ሄዳ ቁልፉን ተጫነች።

ቀነሰ።

«እፎይ፣ ተባረክ!» አሉ ኦቦ ገመዳ።

አዎ... ቀነሰ። ለካ በዚያ ሁሉ ሠርግ፣ በዚያ ሁሉ ድንኳን ሳሰማ የኖርኩት ያንን ታሽቶ የደከመውን ተራ ድምፅ ነው! «እስከዛሬ እንዴት አላወቅህም?» ትሉኝ ይሆናል። አይሠራም ብዬ የማስተምረውን ቁልፍ ለምን ብዬ ልንካው? ነክቶ የሚያይ የሚጠራጠር ሰው ነው!

መምህሩ አየኝ። አየሁት። አንድ ቃል ቢተነፍስ ወንበሯ የእሱ ናት።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ልያት» አለና ማጫወቻዋን ተቀበለኝ። በስልኩ ጃፓንኛውን አስተረጎመ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አድርጎ፣ ላይን አውት ላይ አደረገና መለሰልኝ።

«አቧራ ነበረባት» አለ ጮክ ብሎ። «ኦቦ ገመዳ፣ ሁለቱ እኮ ባላንጣ አይደሉም። የጋሼ ማጫወቻ ድምፁን ታውጣ፣ የእኔ ሣጥን ታጉላው። በአንድ ገመድ እናገናኛቸው።»

ኦቦ ገመዳ ፊታቸው በራ። «ይኸው! እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ምን እያልኩ ነው? ታረቁ!»

ተገናኙ። ማዳመጫውን በተራዬ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው፣ ያ ስንት ዓመት የማውቀው ዘፈን... ከዘፋኟ ድምፅ ኋላ ክራር አለ! እዚያ ዲስክ ውስጥ ክራር መኖሩን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እርግጥ ነው፣ ሁልጊዜም እጠረጥር ነበር።

ፍርዱ ተሰጠ፦ በሠርጉ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ዘፈኑን አስጀምራለሁ፤ መምህሩ አጠገቤ በርጩማ ላይ ሆኖ የሣጥኗን ቁልፍ ያዞራል። ክብሬ ዳነ። ደረቴን ነፍቼ ዞር ስል አስካለ ቆማለች። በእጇ ቢላዋ፣ በዓይኗ የሽንኩርት እንባ።

«በቀለ።»

«እ?»

«ኦቦ ገመዳ ቀንስ ሲሉህ... ቀነሰ?»

መምህሩን አየሁት። ዓይኑን ወደ ጭላሎ ተራራ አዙሯል።

«ይህኛውን አቧራ እንኳ ራስዎ ይጥረጉት ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ።

ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ማጫወቻዬ በአስካለ ትእዛዝ ወደ ተራው መውጫ ተመልሳለች፤ ቁልፏም በአስካለ እጅ ናት። ዘፈኑ ከመቀነሱ የተነሣ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ማጫወቻህ ተበላሸች እንዴ?» ይለኛል።

እኔ ግን እሰማታለሁ። በአሰላ ከተማ መስማት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው ብያችሁ የለ?