ጫማ አሰላፊው እስኪል

ምግብ በብስክሌት የሚያደርስ ወጣት ሁሉ ችኩል ነው የሚል ሰው እስኪልን አያውቀውም። እንደሱ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ የታዘዘው አስቀምጦ እንዲሄድ ነው፣ እሱ ግን የተጣመመ ነገር አይቶ ማለፍ አልፈጠረበትም።

እኛ የኖርዌይዋ ትሮንድሄይም ከተማ ሰዎች ጫማችንን ደጃፍ ላይ አውልቀን ነው የምንገባው። ምግብ አድራሽ ከረጢቱን በሩ ሥር ያኖርና ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶው ወደ ደንበኛው ስልክ ይሄዳል፤ በቃ። ለክቡር እስኪል ግን ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን በሩን ድንገት ብከፍት፣ ያን ትልቅ የምግብ ቦርሳ እንዳዘለ ተንበርክኮ ጫማዎቼን ሲያሰልፍ አገኘሁት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ፎቶው ላይ እንዳያሳፍረን ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «ይሄ የግራ ነው፤ ይሄም የግራ ነው። ቀኙን የት አደረስከው?»

ቀኙን ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ቶርጉን በር ሥር ፈልጎ አመጣው።

ከዚያ ወዲህ ሥልጣኑ ሰፋ። የወደቀ ጓንት ከጥንዱ ያገናኛል፤ ምንጣፍ ያቃናል። የላይኛው ፎቅ ተማሪዎች ያዘዙት ፒዛ፣ እሱ የጎረቤት ሕፃን ጋሪ ጎማ ሲያጠብቅ በረዶ ሆነ። ልጆቹ ፒዛውን እያማረሩ በሉት፤ የላከላቸውን የተሰለፈ ጫማቸውን ፎቶ ግን አትመው ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

ወይዘሮ ቶርጉን ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ሹም ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ዕቃ ሲበረብሩ ኖረው የራሳቸው ሲነካ አይወዱም። «ያዘዝኩት ሾርባ ነው፣ አሽከር አይደለም» ብለው ስልካቸው ላይ ከአምስት አንድ ኮከብ ብቻ ሰጡት። ኮከብ ለእኛ በጣት መንካት ነው፤ ለእሱ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ድርጅቱ፣ እንዲህ ያለ ኮከብ ከተደገመ ከሥራ እንደሚያሰናብተው ጻፈለት። ራሱ እስኪል ነው ደረጃው ላይ ቆሞ የነገረኝ።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።»

ከተተ። መጋቢት ከነጭቃው ገባ፤ ምግባችን እያቃጠለ ይደርስ ጀመር። ፎቶዎቹም መጡ፦ ከረጢት፣ አጠገቡ በአፍጢሙ የተደፋ ጫማ፣ ባለቤቱ ጥሎት የሸሸ የመሰለ ደጃፍ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ማታ ማታ የሁላችንንም ጫማ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ያሰልፍልን ነበር። ይህን ለስንት ዓመት ረስቼው እንደነበር ያወቅኩት ትኩሱን ሾርባ ትቼ ያን ፎቶ ሳይ ነው።

ትናንት አመሻሹ ላይ፣ በሰፈራችን የሚዞረው እሱ መሆኑን አረጋግጬ አዘዝኩ። የትዕዛዙ ማስታወሻ ላይ «ጫማ መንካት ይፈቀዳል» ብዬ ጻፍኩ። ጫማዎቼ ግን ለክፋታቸው ያን ቀን ተሰልፈው ነበር። በእግሬ በተን ላደርጋቸው በሩን ቀስ ብዬ ብከፍት፣ ወይዘሮ ቶርጉን በካልሲ ቆመው የገዛ ቦት ጫማቸውን ወደ ደረጃው ሲገፉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።



«ምን አዘዝክ?» አሉኝ።

«የዓሣ ሾርባ። እርስዎስ?»

«እኔም።» አንዱን ጓንታቸውን ወደ እኔ በር ወረወሩት። «አምስት ኮከብ ነው የምሰጠው። ግን ይልፋበት።»