የብረት ጉብታው ባለሙሉ ሥልጣን

አንድ ታሪክ አዋቂ የሌለው ከተማ የለም። ውኃ በሳምንት አንዴ ሊመጣ ይችላል፣ መብራትም እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ ሊሄድ ይችላል፤ ታሪክ አዋቂው ግን ሁሌም አለ። ይህ ሰው ድንጋይ ዓይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። «ደህና አደሩ» ቢሉት ከቅድመ አያትዎ ይጀምርልዎታል። «ቸኩያለሁ» ቢሉትማ ደስታውን አይችለውም፤ የቸኮለ ሰው ቆሞ ስለሚሰማ እንቅልፍ አይወስደውም።

የቦንጋው ታሪክ አዋቂ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ይባላሉ። ስማቸው ወርቅ ይሁን እንጂ ሥራቸው ብረት ነው። ሥራ ሲባል ደመወዝ ያለው እንዳይመስላችሁ። ደመወዝ የበሉት በወባ መድኃኒት ረጪነት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፓምፕ አዝለው፣ ከማንኪራ እስከ ቢታ ገነት፣ የሰው ቤት ጓዳ ድረስ እየገቡ ረጭተዋል። እጃቸው ግድግዳ ሲረጭ ዓይናቸው ግን መሬት መሬቱን ያይ ነበር። አንዱ ቤት ጉልቻው፣ ሌላው ቤት የበር ማስደገፊያው፣ ሌላው ቤት ደግሞ ቀፎ ላይ የተጫነው ያው አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። ለካ ድንጋይ አይደለም! ድሮ በዚህ አገር ቀይ አፈር እያቀለጡ ብረት ሲያወጡ የተረፈ ዝቃጭ ነው። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ይህን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ስለ ወባ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም ይባላል።

ትሁት እኚህን ሰው ያወቀቻቸው ቦንጋ በገባች በሦስተኛው ቀን ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የቅርስ ምዝገባ ባለሙያ ናት። ከመናኸሪያው ጀርባ ተሾመች ሻይ ቤት ገብታ አንድ ሻይ አዘዘች።

«ከየት ነው የመጣሽው ልጄ?» የሚል ድምፅ ከጥጉ መጣ።

«ከደብረ ብርሃን።»

«ቆይ፣ ከሥር እንጀምር» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ፤ ወንበራቸውን ይዘው መጡ።

ከሥር ማለት ምን ያህል ከሥር እንደሆነ ትሁት በምን ታውቃለች? አፈሩ እንዴት ብረት እንዳዘለ፣ ለአንድ ማጭድ ስንት ዛፍ ከሰል እንደሚሆን፣ ምድጃው በየት በኩል እንደሚተነፍስ፣ በአራት ወናፍ እንዴት እንደሚናፋ፣ በየመካከሉ «ይህን እኮ አንድም ሰው አያውቀውም!» እያሉ አወረዱባት። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ተሾመች ሳትጠየቅ መጥታ ቀየረችላትና በጆሮዋ፣ «መጠጣት ከፈለግሽ እሳቸው ሲተነፍሱ ፉት በይ» አለቻት። ተሾመች ዕድሜዋ ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ የቆጮዋ ነገር በሾፌርና በመምህር አፍ የማይጠፋ ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ ትሁት የጋሽ ወርቅአፈራሁን ገድል ከየሰዉ ሰማች። ሰሚር የሚባለው የባጃጅ ሾፌር እሳቸውን አሳፍሮ በሰዓቱ የደረሰበት ቀን የለም፤ የተናደ አፈር ባዩ ቁጥር «አቁም!» ይላሉ። ሠርግ ላይ መርቁ ተብለው ሲነሱ ከሥጋ መቁረጫው ቢላዋ ታሪክ ጀምረው፣ ሙሽሮቹ ጋ ሳይደርሱ ሥጋው አለቀ። ይባስ ብሎ አንድ ቀብር ላይ ቆፋሪዎቹን «አንዴ ውጡልኝ» ብለው፣ ከነኮታቸው ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው አፈሩን ሲያሹ ተገኝተዋል። ሟች ወዳጃቸው ስለነበሩ ቤተሰቡ ይቅር ብሏቸዋል።

ከሁሉም ወሬያቸው የሚወዱት ግን የቅድመ አያታቸውን ነው። በተሾመች ሻይ ቤት ይህን ወሬ ያልሰማ ወንበር እንኳ የለም።

«ቅድመ አያቴ ትልቅ ሰው ነበሩ» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ቀጥቃጭ ደጃፋቸውን አይረግጥም! ማጭዱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ውጭ ይቆማል። ቆጮውን በኮባ ቅጠል አድርገው ከደፉ ወዲያ ያቀብሉታል፤ እዚያው ቆሞ ይበላል፣ ቅጠሉ ይጣላል። አይ ጊዜ! ተሾመች፣ እስቲ ሻይ ድገሚኝ።»

ክፋት የላቸውም። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚያወሩት። ሰውም ይስቃል፣ ተሾመችም ሻዩን ትደግማቸዋለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ጋሽ ወርቅአፈራሁ ትሁት ቢሮ ገቡና ከሥር ሳይጀምሩ ተናገሩ። ትሁት ደነገጠች።

«ሊያፍሱት ነው!» አሉ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ጉብታውን ነዋ!»

ጉብታው ወደ ቢታ ገነት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ሣር የለበሰ፣ ሁለት ቤት የሚያህል ክምር ነው። ሣሩን ገለጥ ቢያደርጉት ሁሉም ዝቃጭ ነው። ስንት ትውልድ እዚያ ላይ ብረት እንዳቀለጠ እግዜር ይወቀው። አሁን መንገዱን የሚሠሩት ሰዎች ለመንገድ መሙያ ገረጋንቲ ሲፈልጉ አገኙትና በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ዶዘሩ ዓርብ ጠዋት ይገባል።

መሐንዲሱ አብዮት ሸጋ ሰው ነው። «እኔ ቅርስ ላጠፋ አልመጣሁም፤ የተመዘገበበት ወረቀት ካመጣችሁ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ» አላቸው። «ወረቀት ከሌለ ግን ለእኔ ገረጋንቲ ነው።»

ባዶው የምዝገባ ወረቀት ትሁት እጅ ላይ ነበር። የጉብታውን ስፋት ለክታ፣ ፎቶ አንስታ ሞላችው። አንድ መስመር ቀረ፤ በቦታው ላይ ይሠሩ ከነበሩት ሰዎች የተወለደ አንድ ምስክር፣ ከነስሙና ከነፊርማው።

«ይሄማ ቀላል ነው፣ አገሩ ሁሉ የእነሱ ልጅ ነው!» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ በሰሚር ባጃጅ ሽማግሌ ለሽማግሌ ዞሩ። ሽማግሌዎቹ በካፊኖኖ ቋንቋ ሁለት ቃል ሲናገሩ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ለትሁት ሩብ ሰዓት ይተረጉሙላታል። ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነበር። ብረቱ እዚህ ነው የወጣው፣ ያኮራል። ያወጡት እነማን ናቸው? ከወንዙ ማዶ ያሉት። ወንዙን ተሻግረው ሲጠይቁ፣ ከወንዙ ወዲህ ያሉት ናቸው ተባለ። አንዱ መብረቅ ይዞት የወረደ ነው አሉ። ወልደ ጊዮርጊስ የሚባሉት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው» ብለው ጨረሱት።

ሲመለሱ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ባጃጁን አንድም ጊዜ አላስቆሙም። ሰሚር በመስታወቱ ደጋግሞ ያያቸዋል።

«ጋሼ፣ ሰው ለምንድነው የሚክደው?» አለች ትሁት።

«ስሙ ነው ልጄ። ብረቱን ሁሉም ይወደዋል። ቀጥቃጭ አያቴ ነው የሚል ግን የለም።» ቀጥለውም፣ «ዛሬም ቢሆን ልጁን የማይድርላቸው አለ» አሉ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ተሾመች ቤት ጢም ብሏል። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ከትሁት ጋር ጥጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻያቸውን አልነኩትም።

«አለቀ በቃ» አሉ። «ነገ በሦስት ሰዓት መኪና የሚነዳበት አፈር ይሆናል። የቀጥቃጮቹንም ስም የሚያነሳ የለም።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ተሾመች አጠገባቸው ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር። ጨርቁን አስቀመጠችው።

«ትሁትዬ፣ ያ ወረቀት ይዘሽዋል?»

«ይዤዋለሁ እትዬ።»

«እንግዲያው ጻፊ። የአባቴ አባት እዚያ ጉብታ ላይ ወናፍ ይነፋ ነበር። አባቴም በልጅነቱ ነፍቷል። እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ።»

የሚበሉት ሁሉ ቀና አሉ።

«ቦንጋ ስገባ ማንም አያውቀኝም ነበር፤ እኔም አልተናገርኩም» አለች ተሾመች። «ከእጄ የሚበላ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ፣ ምን እዋሻለሁ! ግን ነገ የሚታፈሰው የአያቴ ላብ ነው። እሱ ሲታፈስ እኔ ቆሜ ሻይ ልቅዳ?» ከዚያ ወደ ጥጉ ዞረች። «ደግሞ ጋሼ፣ ወናፉ አራት አይደለም፣ ሁለት ነው። ከሰሉን ተሸክመው ዳገት የሚወጡት ሴቶቹ ነበሩ። ስለ ሴቶቹ አንድ ቀን እንኳ አንስተው አያውቁም።»

ሁለት ሰዎች ተያዩ። አንደኛው የጀመረውን ቆጮ ትቶ ተነሣና ወጣ። ያኔ ሰሚር ሳህኑን ከፍ አድርጎ፣ «እትዬ ተሾመች፣ ይደገመኝ! ዛሬ ልዩ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም ሰው ቀስ በቀስ መብላቱን ቀጠለ።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ግን አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ትሁት እሳቸውን ቃል ሲያጥራቸው ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልገቡበት ቤት፣ ያልጠየቁት ሰው የለም፤ ሻይ የምትቀዳላቸውን ሴት ግን ጠይቀዋት አያውቁም። ባርኔጣቸውን አነሡና ሰው እየገፉ ወጡ።

ተሾመች በሩን እያየች፣ «እሳቸውም ሄዱ» አለች። ከዚያ ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች።

ዓርብ ከማለዳው ወረቀቱ ማኅተም ተመታበት። አብዮት አንብቦ ሲጨርስ ለዶዘር ነጂው ደውሎ ወደ ሌላ ቦታ ላከው። ትሁት የምሥራቹን ይዛ ወደ ሻይ ቤቱ ሮጠች። ካፊያ ይጥላል። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ባርኔጣቸውን በእጃቸው፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ከደፉ ወዲያ ቆመዋል። ካፊያው ራሳቸው ላይ ይወርዳል።

«ይግቡ እንጂ፣ በር ዘጉ እኮ!» አለች ተሾመች ከውስጥ።

«አልገባም። ያንን የቅድመ አያቴን ወሬ እዚህ ቤት ስንት ጊዜ አወራሁ?»

«መቶ እስኪሞላ ቆጥሬ ነበር። ከዚያ ተውኩት።»

«ምናለ አንድ ቀን እንኳ ዝም በል ብትዪኝ!»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን ማን ዝም ያሰኝዎታል?»

እሳቸው አልሳቁም። «አፈርኩ ተሾመች» አሉ። «ይቅር በይኝ። እስክትፈቅጂልኝ እዚሁ ነኝ።»

ተሾመች ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባችና ትኩስ ቆጮ በኮባ ቅጠል አድርጋ ተመለሰች። ከደፉ ወዲህ ቆማ፣ እጇን ዘርግታ አቀበለቻቸው። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ባርኔጣቸውንም ወደ ብብታቸው ወሸቁና በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እዚያው ካፊያው ውስጥ ቆመው፣ ፍርፋሪ ሳያስቀሩ በሉ።

«ቅጠሉንስ?» አሉ ሲጨርሱ።

«ታሪክ አዋቂው እርስዎ ነዎት፣ እኔን ምን ይጠይቁኛል!» አለችና ሳቋ አመለጣት። ሳቁ እንባ ሆነባት፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «በሉ ይግቡ፣ ብርድ ገደለዎት።»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ቅጠሉን አልጣሉትም። አጥፈው ደብተራቸው ውስጥ አስገቡትና ደፉን ተሻገሩ። ጥጋቸው ላይ ተቀምጠው ያልተጻፈበት ገጽ ገለጡ፣ ብዕራቸውንም አወጡ።

«እሺ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስለ ሴቶቹ ንገሪኝ።»

ተሾመች ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። በዚህ ቤት ተቀምጣ ስታወራ ያያት ሰው የለም።

«ቆዩ፣» አለች፣ «ከሥር እንጀምር።»

ትሁት ቢሮ መግባት ነበረባት። ወንበሯን ይዛ መጣች።