«ሰ»ን የበላ ማዳመጫ

ለጆሯችን የሚሆነውን ነገር በዓይናችን የምንመርጥ ጉደኞች ነን። ሬዲዮ ስንገዛ አንቴናው ሲያብረቀርቅ አይተን ነው፤ ስልክ ስንገዛ ጀርባውን አገላብጠን ነው፤ ዘፋኝን እንኳ ድምፁን ሳንሰማ ጫማውን እናያለን። እናንተም አድርጋችሁታል፣ አትካዱኝ። እኔ ግን በዚህ ነገር መሳቅ ካቆምኩ ቆየሁ። ዛሬም አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ የጆሮ ማዳመጫ ጭንቅላቱ ላይ አጥልቆ መስታወት ፊት ሲቆም ካየሁ ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን ጎንደር ላይ ለማላውቀው ጎረምሳ «ወንድሜ፣ መስታወት አይሰማም እኮ!» ብዬ ጮኼበት ባለሱቁ በትሕትና አስወጥቶኛል። ባለሱቁ እውነት አለው። እኔም አለኝ።

መተማ ወረዳ፣ ገንዳ ውሃ ባለች አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሻን ነኝ። ስቱዲዮአችን ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነው። ማይክሮፎኑ ሲከፈት ቬንትሌተሩ ይዘጋል፤ አለዚያ አድማጭ የሚሰማው ዜና ሳይሆን አውሎ ነፋስ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ዜና እያነበበ ይቀቀላል። በዚያ ላይ ማይክሮፎን ክፍት ከሆነ የስቱዲዮው ድምፅ ማጉያም መዘጋት አለበት፤ ድምፁ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ እንዳይገባ። ያን ጊዜ ለእኔ የቀረኝ ማዳመጫው ብቻ ነው። ለግንበኛ ቱምቢ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለእኔም ማዳመጫው ያው ነው። ቱምቢው ከዋሸ ግድግዳው ይዘማል።

አዲስ ማዳመጫ የምንገዛበት ጊዜ መጣና ከሥራ አስኪያጃችን ከአቶ ጌታሁን ጋር ጎንደር ወጣን። አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አይደሉም። ይህንን የምለው መጨረሻ ላይ ክፉ ናቸው ብላችሁ እንዳትገላግሉኝ ነው። ባለሱቁ ሁለት ማዳመጫ አወጣልን። አንደኛው ግራጫ፣ ወፍራም፣ የመነኩሴ ቆብ የመሰለ ነገር ነው። አገላበጥኩት። መጋጠሚያው ሁሉ በብሎን የታሰረ እንጂ በሙጫ የተለጠፈ አይደለም። ገመዱ ቢበጠስ ተነቅሎ ሌላ ይሰካለታል፤ የጆሮው ትራስ ቢያረጅ ይቀየራል። ጆሮን ግጥም አድርጎ ይዘጋል፣ ግን አይጨምቅም። ሁለተኛው ቀይ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ጎኑ ላይ መብራት አለው። ማዳመጫ ላይ መብራት ለምን እንደሚያስፈልግ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ስልኬ ላይ የራሴን ድምፅ ቀድቼ ይዤ ነበር፤ «ሰሊጥ፣ ሽሮ፣ ፀሐይ፣ ስስ ሸማ» እያልኩ። ሲያነቡት ያስቃል፣ ነገር ግን ድክም ያለ ማዳመጫ መጀመሪያ የሚጥለው እነዚህን ቀጫጭን ፊደሎች ነው። በግራጫው ሰማሁት፤ ድምፄ እንዳለ፣ ከነጉንፋኔ ወጣ። በቀዩ ሰማሁት፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የማወራ መሰልኩ። ጎርናናው ብቻ ዱም ዱም ይላል።

አቶ ጌታሁን ቀዩን ተቀብለው ዘፈን አስከፈቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትከሻቸው ትንሽ ነቅነቅ አለ።

«ድምፅ ማለት ይኼ ነው!» አሉ እየጮሁ፤ ራሳቸውን አይሰሙማ።

«አቶ ጌታሁን፣ ይኼ ለዘፈን ነው። ድምፁን ይኳኩለዋል። እኛ የምንፈልገው ያልተኳኳለውን ነው» አልኳቸው።

«አስማረ፣ እንግዳ መጥቶ ስቱዲዮ ሲገባ ያንን የድሮ ስልክ ቤት ዕቃ ጭንቅላትህ ላይ ጭነህ ልትታይ ነው? እኛም እኮ ዘመናዊ ጣቢያ ነን!»

ባለሱቁ ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ከዚያ «ዕቃው ለሥራው ተስማሚ መሆኑን አረጋግጫለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። አንዴም አላመነታሁም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

የመተማ ሙቀት ሙጫ አይወድም። በወሩ የጆሮው ትራስ መላጥ ጀመረ። እያንዳንዱ ሰው ከስቱዲዮ ሲወጣ ጉንጩ ላይ ጥቁር ቅራፊ ተለጥፎበት ነው፤ ገበያ ላይ ሲያዩን «እነዚህ የሬዲዮ ሰዎች ምን ያዛቸው?» ይሉን ነበር። ገመዱ ከሥሩ ላላ፤ በፕላስተር ጠቀለልኩት። የቀኝ ጆሮው የሚሠራው አንገቴን ወደ ግራ ካዘነበልኩ ብቻ ነው። መብራቱ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

ጥቅምት ገባ፤ የሰሊጥ አጨዳ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጋይንት የሚወርደውን ሰው አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ከሚወርደው ብዙው ስልክ የለውም፤ ስልክ ያለውም ኔትወርክ የለውም። ይታመማል፣ ይጠፋፋል፣ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው በትራክተር ተጭኖ ይሄድና ወሬው ይቆረጣል። ጋዜጠኛችን ዘሃራ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የእነዚህን ሰዎች ስም ትጠራለች። አባቷ እዚሁ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እሷ ደግሞ መቀመጥ የማታውቅ፣ ፈጣን ልጅ ናት። ጣቢያችን ካለው ፕሮግራም ሁሉ እርሻ ላይ ሥራ አቁመው የሚሰሙት የእሷን ነው።

አንድ ቀን ዘሃራ ከመተማ ዮሐንስ ጤና ጣቢያ በመኪና ተሳፍራ፣ ከመናኸሪያው እየሮጠች መጣች። ካላዛር የያዘው አንድ አጫጅ አግኝታለች። ሆዱ ተነፍቷል፣ ከሰውነቱ የቀረው አጥንት ነው፣ ወገን የለውም። ስሙን ተናግሯል፤ እሷም በመቅረጫ ይዛዋለች። ሐኪሙ ቶሎ ውጪ ስላላት አልጻፈችውም። ሰዓቱ ደርሷል፤ ሌላው አንባቢ አየር ላይ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ዝግ ነው።

«ጋሽ አስማረ፣ ታደሰ ነው ያለኝ ታደለ? በመኪናው ጩኸት ጠፋኝ፤ እስቲ ስማልኝ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ቀዩን አጠለቅሁ። አንገቴን ወደ ግራ አዘነበልኩ። የሚሰማው ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው፦ «ታደ... አየለ... ጋይንት።» ሦስት ጊዜ መለስኩት። ያቺ መሐል ያለች ፊደል የለችም፤ ዱም ብቻ ናት። ጤና ጣቢያው ጋ ደወልን፤ አይነሳም። እዚህ ላይ አንድ ጤነኛ ሰው «አልሰማሁም» ይላል። ለአሥራ ምናምን ዓመት በጆሮዬ የኖርኩ ሰው ነኛ! «አልሰማሁም» ማለት ከበደኝ።

«ታደለ ነው» አልኳት።

ዘሃራ ገባችና ታደለ አየለ፣ የጋይንት ልጅ፣ በጠና ታሞ መተማ ዮሐንስ ተኝቷል፣ ወገን ይድረስለት ብላ ጠራች። ጥርት ባለ ድምፅ።

የእኛ ሞገድ ጋይንት አይደርስም፤ ወሬ ግን ይደርሳል። በአምስተኛው ቀን ስርጭት ከጨረስን በኋላ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው በር ላይ ቆሙ። ጋቢያቸው የመንገድ አቧራ ጠጥቶ ቡኒ ሆኗል፤ ትከሻቸው ላይ የበሶ አቁማዳ አንጠልጥለዋል።

«ልጄን የጠራችሁት እናንተ ናችሁ?»

«የማን አባት ነዎት?» አልኳቸው።

«የታደለ። አየለ እባላለሁ። ከእርሻ አንድ ያገራችን ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ወጥቶ ደወለልኝ።» አቁማዳቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ «ጤና ጣቢያው ሄጄ ነው የመጣሁ። የተኛው ልጅ የኔ አይደለም» አሉ።

ዘሃራ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ስሙን ብጠይቀው ታደሰ ነኝ አለኝ» ቀጠሉ አቶ አየለ። «አባቱም እንደኔ አየለ ነው፤ የታች ጋይንት ሰው። እናንተ ከጠራችሁት ወዲህ እናቴ መጣች እያለ በር በሩን ሲያይ ነው የሰነበተ። እኔ ስገባም ደስ ብሎት ነበር፤ ደርሼ እስኪያየኝ።»

ምን ትላላችሁ እንዲህ ላለ ሰው? እኔ ይቅርታ እላለሁ ብዬ አፌን ከፍቼ ስለ ማዳመጫ አወራሁ። ስለ ሙጫው፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ ትከሻ ሳይቀር። ሰውየው እስክጨርስ ታገሡኝ።

«እስቲ አሰማኝ» አሉ።

ቀዩን ሰጠኋቸው። አጠለቁት። መብራቱ ከሽበታቸው ጎን ብልጭ ድርግም ይላል። ሰምተው አወለቁት።

«በዚህ ሰው አይሰማም» አሉ።

ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩ። ክፍሉን የዚያ የታመመ ልጅ ትንፋሽ ሞላው፦ «ታደሰ አየለ።» «ሰ»ዋ እንደ መርፌ ጥርት ብላ ወጣች። ዘሃራ አለቀሰች። እኔ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ ጠረጴዛው ምን አደረገኝ?

«እና አሁን ወዴት ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«ወደ ልጁ ነዋ!» አሉ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደተጠየቁ ሁሉ። «በሶውን ማን ይበጠብጥለታል? የኔውንም ልጅ የትም ይሁን የት አንድ የሰው አባት ያየው ይሆናል። የሱ ወገን እስኪመጣ አለሁ። አንተ ግን ልጄ፣ ዳግመኛ ጥራ። አሁን በደንብ ጥራ።»

ከስድብ ሁሉ ይኼ ባሰብኝ። ቢሰድቡኝ ኖሮ አኩርፌ እተኛ ነበር።

በማግሥቱ ዘሃራ ስህተታችንን ተናግራ ሁለቱንም ስም ጠራች፤ ታደሰን ለወገኑ፣ ታደለን ለአባቱ። እኔ ደግሞ በራሴ ኪስ መተማ ዮሐንስ ሄድኩ። ከሱዳን በኩል የሚገባ ዕቃ የሚሸጡ ሐጂ እድሪስ የሚባሉ ነጋዴ አሉ። ያላቸውን ማዳመጫ ሁሉ አስወጣኋቸው። የምሞክረው በሰሊጥና በሽሮ አልነበረም፤ በታደሰ ትንፋሽ ነው። «ሰ»ን ያልሰማሁበትን ሁሉ መለስኩ። ሐጂ በመጨረሻ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ያገለገለ፣ ከባድ፣ ጥቁር ነገር ጎትተው አወጡ። ሳልጠይቃቸው ሲሚንቶው ላይ ጣሉት፤ አንስተው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉት።

«ተማም! ምንም አይለውም። መልኩን ግን አትጠይቀኝ» አሉ።

መልኩን አልጠየቅሁም። አጠለቅሁት፤ ያ ልጅ ጆሮዬ ሥር ስሙን ነገረኝ። ሱቁ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ ሐጂ ዋጋው የበዛብኝ መስሏቸው ቀነሱልኝ።

የታደሰ እኅት ከሳምንት በኋላ ደረሰች። አቶ አየለ እስከዚያ ከአልጋው ሥር አልተነሱም፤ ልጁም በመርፌውና በበሶው ነፍስ ዘራ። ታደለ ገለጉ አካባቢ፣ ሬዲዮ በማይሰማበት ጫካ ውስጥ ሲያጭድ ከርሞ፣ ከገና በፊት ምንም ሳይሆን አገሩ ገባ። አባቱ ደውለው ነገሩኝ። ለምን እኔን ማመስገን እንዳስፈለጋቸው እንጃ።

ከዚያ አቶ ጌታሁን ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው የዘሃራ ጥፋት ነበር፤ ስሙን አልጻፈችም በሚል። ተነስቼ የሰማሁትም ያልሰማሁትም እኔ ነኝ፣ ዕቃው አይሆንም እያልኩ የፈረምኩትም እኔ ነኝ፣ ያስገዙት ደግሞ እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ዘሃራ ዳነች። እኔ በሦስተኛው ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጣልኝ፤ ማኅተም ያለው፣ ሁለት ገጽ። የሰው ስም የክብሩ መገለጫ ስለሆነ፣ አንዲት ፊደል እንኳ ስትሳሳት የምታስከትለውን ጉዳት በመገንዘብ፣ ለወደፊቱ ስም በከፍተኛ ጥንቃቄ እንዲያዝ ይላል። ጥሩ ደብዳቤ ነው፤ እያንዳንዷን ቃል እቀበላታለሁ። ከላይ ግን «ለአቶ አስማማው» ይላል።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶ ይዛ «አቶ አስማረ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችኝ።

«ይኼ ሰውዬ እዚህ አይሠራም» አልኳትና ወደ ስቱዲዮ ገባሁ።