ክቡር አቶ እንደገና እና የበረዶው አገር ፊኛዎች

የቆለፈውን በር ሃያ እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚነቀንቅ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ አሳዩኝና ይህን ፂሜን ልላጭ። የለም። በየቤቱ አንድ አለ። ምድጃውን አጥፍቶ "ያጠፋሁ አይመስለኝም" የሚል፣ የስልክ ቁጥር አራት ጊዜ የሚያስደግም፣ አውቶቡስ ላይ ከወጣ በኋላ ኪሱን ሲዳብስ አጠገቡ ያለውን በክርኑ የሚጎስም። በዕድሜዬ የዚህ ዓይነቱን ሰው በዓይነት በዓይነቱ አይቻለሁ። የሁሉም አለቃ ግን አንድ ናቸው፤ የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ክቡር አቶ እንደገና።

ስማቸው ይህ አይደለም። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውሰው የለም። አንድ ቀን ባለቤታቸው ምሳ ይዘው መጥተው፣ ደረጃው ላይ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ "ላግባሽ ሲለኝ እሺ አልኩት፤ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'እንደገና በይው'። እኔም ሞኟ ደገምኩለት" አሉኝ። ሐኪም ዘንድ ሄደው የደም ግፊት ሲለኩም ያው ነው። እንደገና፣ እንደገና ሲሉ በስተመጨረሻ ከፍ ያለው የሐኪሙ ደም ግፊት ነው ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን አምናለሁ።

መሥሪያ ቤታችን የአየር ጠባይ ነው። ምድር ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ቁጥር። ከወዴት የመጣ ቁጥር? ከዓለም ጫፍ! በረዶ እንጂ አፈር ከማይታይበት፣ ፀሐይ ለወራት ከማትወጣበት። እዚያ ጥቂት ሰዎች ጣቢያ ሠርተው ተቀምጠው በየቀኑ ትልቅ ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ፊኛው ሥር አንዲት መሣሪያ ተንጠልጥላለች። እሷ እየወጣች፣ በዚህ ከፍታ ብርዱ ይህን ያህል፣ ነፋሱ ይህን ያህል እያለች በሬዲዮ ትናገራለች፤ ሰውየው ታች ሆኖ ይጽፋል። ፊኛው ሲፈነዳ ወረቀቱም ያልቃል። መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ፣ "በረዶ ላይ ተቀምጦ ብርድ መሆኑን ለማወቅ ፊኛ ምን ያደርጋል? በር ከፍቶ መውጣት ነው እንጂ!" ብያለሁ። አሁንም ቢሆን የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከላይ ትእዛዝ መጣ። ወረቀቱ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ያልገባው በማሽን ይቆራረጥ፤ ምድር ቤቱ ለመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል።

እኔ ተላላኪ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አልዋሽም። ቁጥር ግን! አሥራ አንድ ዓመት የጭነት ሚዛን ላይ ቆሜ፣ ሌላው ቀርቦ አፍጥጦ የማያየውን እኔ ከበሩ ሆኜ ያነበብኩ ሰው ነኝ። (በዚያን ጊዜ ጉልበቴም ጉልበት ነበር፤ ሁለት ኩንታል ተሸክሜ ቀልድ እናገር ነበር። ይሁን።) ክቡርነታቸው ይህን ሰምተው አንባቢ አደረጉኝ። ሕጉ እንዲህ ነው። እኔ ከወረቀቱ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ወደ ኮምፒውተሩ የጻፈችው ልጅ እዚያው ላይ ትከተላለች። አንድ ቁጥር ካልገጠመ፣ "እንደገና!" ከዚያ መስመር እንዳይመስላችሁ። ከገጹ ራስ። ገጹ ሰባ መስመር ኖሮት ስሕተቱ ስልሳ ዘጠነኛው ላይ ከሆነ፣ ያው አምላክ ይርዳችሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሚስቴ "ደህና ዋልክ?" ስትለኝ መልስ የምሰጥበት ድምፅ አልነበረኝም።

ልጅቷን ዶፍ ነው የምንላት። ጣቶቿ ሲወርዱ ጣሪያ ላይ ዝናብ የመጣ ይመስላል። የተማረች፣ ጨዋ፣ ግን ችኩል።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ በጨለማው ወራት የተጻፈ አንድ ገጽ ላይ ደረስን።

"ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት" አልኩ።

"ሰባ ስምንት ነው አባባ።"

"እንደገና" አሉ ክቡርነታቸው፣ ቀና ሳይሉ።

ከራሱ ጀመርኩ። እዚያው ስደርስ ሠላሳ ስምንት። ሦስተኛም ሠላሳ ስምንት።

"አባባ፣ ሦስትና ሰባት እየተምታታብዎት ነው። መነጽር ያሠሩ እንጂ!"

"እኔን ነው? አንቺ ሳትወለጂ ሦስትን ከሰባት የለየሁ ሰው ነኝ!"

አቶ እንደገና ተነሥተው ወረቀቱን አዩ። ወደ ዶፍ ዞሩ። "ሠላሳ ስምንት ይላል። ሰባቱ ከየት መጣ?"

"አስተካክዬው ነው ጋሼ። ሳምንት ሙሉ ሰማንያ ምናምን ሲል ነበር። በዚያ ጨለማ በአንድ ጊዜ አርባ ዲግሪ ይሞቃል እንዴ? ሰውየው እጁ በርዶት ተሳስቶ ነው።"

"ስንት ገጽ አስተካከልሽ?"

"ዘጠኝ" አለች ቀስ ብላ።

ነገሩ ዳይሬክተሩ ጆሮ ደረሰ። ወርደው መጡ፤ ሳጥን እንዳይነካው ኮታቸውን ሰብስበው ቆሙ። "ልጅቷ እውነቷን ነው። ያ ጸሐፊ አይታመንም። የዚያን ዓመት ጨለማ ወራት በሙሉ 'የተበላሸ' ብላችሁ ዝለሉት።"

"ጌታዬ፣ ያ ሰው ያን ሁሉ ወራት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የጻፈውን፣ እኛ ምሳችንን በልተን መጥተን ውሸት ነው እንበለው?"

"ማስረጃ አለዎት?"

"የለኝም። እፈልጋለሁ።"

"ቀኑ የራስዎ ነው። አርብ ማሽኑ ይመጣል፤ ያልገባው ይቆረጣል።"

ማስረጃው ሌላ የበረዶ ጣቢያ ነበር፤ ከዚያኛው ብዙ ቀን መንገድ የሚርቅ፣ በዚያው ወራት ፊኛ የለቀቀ። ወረቀቱ ካልተከፈቱት መቶ ምናምን ሳጥኖች መሃል አንዱ ውስጥ ነው። ሁለት ቀን! ካሉን አራት ቀናት ሁለቱን በፍለጋ ጨረስናቸው፤ አንዲት ገጽ ሳናስገባ። እኔ አወርዳለሁ፣ ዶፍ ዓይኗ ቀልቶ ጽሑፉን ታነባለች፣ ክቡርነታቸው "ይኼኛውንስ?" ይላሉ። ወገቤ የኔ አልነበረም። በልቤም "እኚህ ሰው ለአንድ ቁጥር ብለው ሌላውን ሁሉ ሊያስቆርጡት ነው" እል ነበር። በአፌም ሳልል አልቀረሁም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተገኘ። አረንጓዴ ቀለም፣ ሌላ የእጅ ጽሑፍ። ዳይሬክተሩ ተጠሩ።

"ልጅቷ ታንብብ" አሉ።

"የለም" አሉ አቶ እንደገና። "የተማረ ሰው ሲያነብ ያርማል። እሳቸው ያዩትን ይላሉ።"

ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። አነበብኩ። ቀኖቹም ያው፣ ከፍታውም ያው። ሰማንያ አንድ። ሰባ። ሃምሳ አምስት። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስድስት።

"ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች" አሉ አቶ እንደገና፣ "በአንድ ቀን እጃቸው በርዶት አንድ ዓይነት አይሳሳቱም።"

ለካስ እዚያ ላይ፣ በጨለማው እምብርት፣ አየሩ ድንገት የሚግልበት ጊዜ አለ። ዳይሬክተሩ በተማሪነታቸው ያነበቡት ትዝ አላቸውና ግንባራቸውን ያዙ። ከዚያ ኮታቸውን ለቀው ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። "ዘጠኙም ገጽ በወረቀቱ መሠረት ይመለስ። ማሽኑም አይምጣ። ሥራው እስኪያልቅ ክፍሉን የሚነካው የለም፤ መኪናዬ ውጭ ትደር።"

ዶፍ ዘጠኙን ገጽ ስትመልስ ክቡርነታቸው አጠገቧ ቆሙ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሯትም። ሲያበቁ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ሰጧት፤ የታጠበ መሆኑን ግን መጀመሪያ በሁለቱም በኩል አገላብጠው አዩ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ወራት አለፈ። አሁን አርባ አንድ ሳጥን ቀርቶናል። የመጨረሻው ሲዘጋ ክቡርነታቸው ጡረታ ይወጣሉ፤ ደብዳቤው ተጽፎ ተቀምጧል። እኔም ደክሞኛል፤ ደረጃው ጉልበቴን በልቶታል፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።

ትናንት ዶፍ፣ "አባባ፣ ምነው ሰሞኑን ንባብዎ ተጎተተ? ድሮ እኮ እርስዎ ነበሩ የሚያጣድፉኝ" አለችኝ።

"ዓይኔ ነው ልጄ፤ ዕድሜ" አልኳት።

ዓይኔስ ምንም አልሆነ።