የአያ ባዬ በርጩማ

ሰው ሲቸገር ፊቱ የሚበራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ መንደር ኮኪት አንድ አሉን፤ አያ ባዬ ይባላሉ። ጾም የማይሽሩ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ክርስቲያን ናቸው። ታዲያ የአንዱን ሰሊጥ ዝናብ ሲመታው፣ የሌላው በሬ ሲሞት፣ ከሁሉ ቀድመው ይደርሱና በለሆሳስ "እሰይ!" ይላሉ።

ቄሱ በጠላት ውድቀት ደስ ሊለን እንደማይገባ ቢመክሯቸው፣ "አባ፣ እኔ ምን ጠላት አለኝ? ደስ የሚለኝ በጎረቤት ነው" አሏቸው።

አንድ ክረምት የጎረቤታቸው የሐጂ የሱፍ ትራክተር ዋልካው ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ሰመጠ። አያ ባዬ ተደላድለው ሊያዩ በርጩማቸውን ይዘው ከች አሉ። ሐጂ በርጩማውን ሲያዩ እየሮጡ መጡ።

"አያ ባዬ፣ ከጎማው ስር የሚገባ እንጨት አስበው አመጡልኝ! አላህ ይስጥዎ!" ብለው ከእጃቸው ተቀበሉና ጎማው ስር ወሸቁት።

አያ ባዬ ሊያይ ለመጣ ሰው የማይገባ ምርቃት ስለተመረቁ አፈሩ፤ ልብሳቸውን ሰብስበው ለእርዳታ ከተሰበሰብነው ከእኛ ጋር ትራክተሩን ይገፉ ጀመር። በርጩማው ተሰባበረ፤ ትራክተሩም እያጓራ ወጣ። ያን ጊዜ ፊታቸው በጭቃ እንደተለቀለቀ "እሰይ!" አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው።

እኔማ ከዚያ ወዲህ በማንም ተስፋ አልቆርጥም። ወደ ተቸገረ ሰው መሮጡን እንደሆነ ከጻድቃኑ ሁሉ ቀድመው የለመዱት እሳቸው ናቸው። ሐጂ አዲስ በርጩማ ገዝተው ቢሰጧቸውም፣ ዛሬ ጎረቤት ሲቸገር እሱን ቤት ትተው አካፋ ነው ይዘው የሚመጡ።