ክቡርነታቸውና ሃያ ዘጠኙ ኪሎ ሜትር

በየሰፈሩ ማንም ያልጠየቀውን ነገር አብጠርጥሮ የሚያውቅ አንድ ሰው የግድ አለ። ለሌላው ሰፈር የእግር ኳስ ወይም የመድኃኒት አዋቂ ሲደርሰው፣ ለእኛ የደረሱን ክቡርነታቸው ናቸው፤ የአንድ ሃያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ታሪክ አዋቂ። መስመሩ ስድስት ጣቢያና አንድ መጋጠሚያ ነበረው። ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ክቡርነታቸው ግን አልተዘጉም።

"ክቡርነታቸው" ያልናቸው እኛው ነን። በሥራ ዘመናቸው ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበሩ፤ ሲያወሩ ለሰማቸው ግን ሐዲዱን ከነድልድዩ ብቻቸውን ያነጠፉት ይመስላል። አንዲት መንገደኛ የአውቶቡስ ፌርማታ የት እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ ሦስተኛው ጣቢያ ለምን ከገበያው ርቆ እንደተሠራ ሲያስረዷት አራት አውቶቡስ አመለጣት። ፀጉር አስተካካያችን የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ጢም ላጭቶ፣ ምላጩን እንደያዘ ፈዞ ቀርቷል። ክቡርነታቸው ከአራተኛው ጣቢያ ገና አልተነሱም ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው መጋጠሚያውን "ጣቢያ" ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። "ጣቢያና መጋጠሚያ አንድ ነው እንዴ?" ይላሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "ጣቢያ ላይ ሰው ይወርዳል። መጋጠሚያ ላይ ባቡሩ መንገዱን ይለያል። ይህን ሳታውቅ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?"

እኔን ያለምንም ችግር ይወስደኝ ነበር። ባለቤቴ በመስኮት አይታቸው "ባቡሩ መጣ!" ስትል ሮጬ መታጠቢያ ቤት እገባለሁ። እሷም በሩን ከፍታ "የለም፣ ወጣ ብሏል" ትላለች። አንድ ቀን እዚያው እንደተደበቅኩ አስነጠሰኝ። ክቡርነታቸው ከበሩ ላይ "ይማርህ!" ብለው ሄዱ።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደብተራቸውን ለእኔ አመጡ። ሽፋኑ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ከዳር እስከ ዳር በእጅ የተጻፈ የመስመሩ ታሪክ ነው። "አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ" አሉኝ። "አንብበህ የጎደለውን ሙላልኝ። ከዚያ ማተሚያ ቤት እወስደዋለሁ።" በሁለት እጄ ተቀበልኩና መደርደሪያ አናት ላይ ወረወርኩት።

ሁለት ዓመት እዚያው ከረመ። በመጨረሻ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ያዙኝ።

"አነበብከው?"

"እንዴታ ጋሼ! ግሩም ነው። በተለይ ስለ መጋጠሚያው የጻፉት ልብ ይነካል። ምንም የሚጨመርበት ነገር የለም።"

"ምንም?"

"አንድም ቃል!"

ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። "እንግዲያው ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሳይመጡ አቧራውን ላራግፍ ብዬ ደብተሩን አወረድኩ። እግረ መንገዴንም ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ስድስቱም ጣቢያዎች ከነግድግዳ ቀለማቸው ተጽፈዋል። የመጋጠሚያው ገጽ ግን ባዶ ነው። አናቱ ላይ ብቻ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ "ሐዲድ ቀያሪው። ይህን ልጁ ቢጽፈው ይሻላል።"

ሐዲድ ቀያሪው አባቴ ነው። ባቡር በመጣ ቁጥር ያን ከባድ ብረት እየገፋ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያዞረው እሱ ነበር። እኔ ግን ሰው ሲጠይቀኝ "አባቴ የባቡር መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር" እያልኩ ነው የኖርኩት። ለባለቤቴም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ክቡርነታቸው ባሉበት ስንት ጊዜ ይህን ብያለሁ! ለአንዲት ብሎን ስህተት ከወንበራቸው የሚነሱት ሰውዬ፣ ይህን ውሸቴን አንድም ቀን ሰው ፊት አላረሙብኝም። አፈርኩ። ባዶ ገጽ ማመስገኔ ከሁሉ ትንሹ ጥፋቴ ነበር።

እስኪመጡ አልጠበቅኩም፤ ደብተሩን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ዋሸሁዎት። አላነበብኩትም ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ ወንበር እየሳቡልኝ። "ባዶ ገጽ ልብ ሲነካ ትናንት ገና ማየቴ ነው።"

ደብተሩን ባዶው ገጽ ላይ ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"ደስ ግን ብሎኛል" አሉ።

"በምን?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ አንብበህ ዝም ያልክ መስሎኝ ነበራ። በአባቱ አፍሮ ነው የተወው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ለካስ አልገለጥከውም! ትናንት ነው እፎይ ያልኩት።"

እስክሪብቶ አውጥቼ "አባቴ ሐዲድ ቀያሪ ነበር" ብዬ ጻፍኩ። ከጀርባዬ አጎንብሰው አነበቡት።

"'ነበር' ብሎ ታሪክ የለም። ከስንት ዓመተ ምሕረት እስከ ስንት?"

አላውቅም ነበር። እሳቸው ቀኑን ሳይቀር ያውቁታል። እየነገሩኝ ስጽፍ ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቴ ናት።

"ያዙህ አይደል? ልምጣና ላስለቅቅህ?"

"አትምጪ። አባቴ በስንት ዓመቱ ሐዲድ ቀያሪ ሆኖ እንደተቀጠረ እየነገሩኝ ነው።"

"ሐዲድ ምን?" አለች።

ጮክ ብዬ ደገምኩላት።