ዜና ዐብዲናሲር፥ ሦስት አጸደ ሕፃናትን በመቀመጫ የመዘነ

ባጃጁ ሁለተኛ ሞተር በገባለት በሦስተኛው ዓመት፥ ቤተሰቡ ከዋሂል ወደ መልካ ጀብዱ በፈለሰ በአምስተኛው ወር፥ በመስከረም፥ ምዝገባ በሚዘጋበት ሐሙስ፥ የሦስት እግር ሠረገላ ጌታ፥ የኮረኮንች ድል አድራጊ ዐብዲናሲር ለልጁ ለሑዳ የመንግሥት አጸደ ሕፃናት ሊመርጥ ወጣ።

ይህችም ሑዳ አራት ዓመቷ ነው፤ በቤት ጎረቤት እስኪሰማ ትለፈልፋለች፥ ደጅ ስትወጣ ግን ትንፍሽ አትልም። ለባዳ ሰው አንዲት ቃል ሰጥታ አታውቅምና፥ ተሳስቼ ብመርጥ ልጄ ጥግ ይዛ ዝም እንዳለች ትቀራለች ብሎ አባቷ ሰጋ። ሚስቱ ሆዳንም ከሱቋ በር ላይ አዋጅ ነገረች፦ «በስድስት ሰዓት ይዘጋል! ሳትመዘገብ እንዳትመለሱ!»

ተከታዮቹም እነዚህ ነበሩ፤ አማቱ ወይዘሮ ካፊያ፥ የሑዳን እጅ ይዘው ሳይጠየቁ የሚመክሩ፤ ጎረቤቱ ዝናሽ፥ አራት ልጅ አስተምራ ሁሉን የምታውቅ፤ ባጃጅ ጠጋኙ ዓደን፥ ለምን እንደ መጣ እስከ ዛሬ ያልታወቀ።

ወእምዝ ወደ መጀመሪያው፥ በገበያው በኩል ወዳለው ደረሱ። ሴቶቹ የውኃውን ቧንቧና የፊደሉን ሥዕል አመሰገኑ። ዐብዲናሲር ግን ሳይቀመጥበት ባጃጅ የሚገዛ ሞኝ ነው የሚል የሾፌር ሕግ ነበረውና፥ ትምህርት ቤትንም በዚሁ ሕግ መረመረ። ወንበሩ ተንገዳገደ፤ ናቀው። ሁለተኛው፥ ከመስጊዱ አጠገብ ያለው፥ የድሬ ፀሐይ የዋለበት የሲሚንቶ መደብ ነበርና፥ ጌታችን እንደ ተቀመጠ ፈጥኖ ተነሣ፥ ኧረ እጅግ ፈጥኖ!

በአምስት ሰዓት ከአርባ ወደ ሦስተኛው፥ ወደ አስፋልቱ ዳር ገቡ። በዚያ ተሻለች የምትባል መምህርት አርባ ሕፃናት ሰብስባ ነበር። ዐብዲናሲርም ባለ ክንድ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር አይቶ፥ ሰፊውን ወገቡን ሳያስብ ተቀመጠ፥ ደስም አለው። ሲነሣ ወንበሩ አብሮት ተነሣ። ዓደን ሳበ፥ ዝናሽ ሳበች፥ ወይዘሮ ካፊያ መከሩ፤ አልወጣም። አርባው ሕፃናት በሳቅ ፈረሱ፥ ከበውም ይጎትቱት ጀመር።

ያን ጊዜ ሑዳ የአያቷን እጅ ለቃ ወደ መካከል ገባች፥ በአማርኛም በሶማልኛም በኦሮምኛም ቀላቅላ አወጀች፦ «የኔ አባት ነው! ቀስ ብላችሁ ሳቡት! አንተ እግሩን ያዝ፥ አንቺ ወንበሩን!»

ሕፃናቱም ታዘዙ። በሁለተኛው ስበት ወንበሩ ላላ፤ ይህንንም ከዐብዲናሲር በቀር ያወቀ የለም። እርሱ ግን እንባው በጢሙ እየወረደ፥ የወንበሩን ክንዶች በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ፥ አልወጣም አለ። ሑዳም የሃያ ልጅ ስም እየጠየቀች ሰልፍ አሰለፈች። መምህርት ተሻለች ለስድስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀር ስሟን በመዝገብ ጻፈች።

እንግዲህ የመልካ ጀብዱ ሰዎች ሆይ፥ ነጋድያንም ሾፌሮችም፥ ይህን ታላቅ ሰው አመስግኑ፤ ልጁ ትናገር ዘንድ በአርባ ሕፃናት ፊት ሩብ ሰዓት ሙሉ መሣቂያ ሆኖ፥ ከወንበር ያልተላቀቀ ጀግና እርሱ ነውና።